ስለ ነባር በሽታና ስለ ወረርሽኝ የተደረገ ንግግር



ሐኪሞች አንድን በሽታ «የአገሩ ነባር ነው» ሲሉ ቀላል ነው ማለታቸው አይደለም። ነባር በሽታ ማለት በአንድ ወረዳ ሕዝብ መካከል ዘወትር የሚገኝ፥ በየዓመቱም ምን ያህል ሰው እንደሚይዝ አስቀድሞ ሊገመት የሚችል በሽታ ነው። ወረርሽኝ ግን ከተለመደው ቍጥር በድንገት አልፎ የሚነሣው ነው።

ይህንን ልዩነት በኬንያ ያለው የወባ ነገር በግልጽ ያስረዳል። እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር በ1899 ዓ.ም. የምድር ባቡር ሰፈር ሆና የተቈረቈረችው ናይሮቢ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ትገኛለች። አየሯ ቀዝቀዝ ያለ ስለ ሆነ በትንኝ ሆድ ውስጥ ያለው የወባ ተሐዋሲ ቶሎ አያድግም፤ ስለዚህ በከተማይቱ ወባ ጥቂት ነው። በቪክቶርያ ሐይቅ ዳር ባለችው በኪሱሙ ግን ዓመቱን በሙሉ ይገኛል።

በሐይቁ ዳር ያደገ ሰው በልጅነቱ ደጋግሞ ታሞ ከተረፈ፥ ሰውነቱ በሽታውን በከፊል መቋቋም ይለምዳል። የዚህ መቋቋም ዋጋ የሚከፈለው ግን በሕፃናት ሕይወት ነው፤ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ልጆችና ነፍሰ ጡሮች ከሁሉ ይልቅ ይጎዳሉና። ያው ሰው በናይሮቢ ብዙ ዘመን ቢቀመጥ መቋቋሙ ይደክማል፤ ዘመድ ለመጠየቅ ወደ ሐይቁ ሲመለስም ወባው ሊጸናበት ይችላል።

መቋቋም የሌለውን ሕዝብ ምን እንደሚያገኘው በ1958 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ታይቷል። ወባ እምብዛም በማይታወቅባቸው ከፍተኛ ቦታዎች ጭምር ወረርሽኝ ተነሥቶ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው እንደ ታመመ፥ 150,000 ያህልም እንደ ሞተ ተገምቷል።

ወረርሽኝ ሲነሣ ሁሉም ይደነግጣል፤ ነባሩ በሽታ ግን በየዓመቱ እየገደለ፥ ስለ ተለመደ ብቻ ይዘነጋል። ስለዚህ ከናይሮቢ ወደ ሐይቁ የሚወርድ መንገደኛ ሌሊት በአጎበር ውስጥ ይተኛ፤ ሲመለስ ትኵሳት ቢሰማው ሳይውል ሳያድር ደሙን ያስመርምር። የወረዳ ሹማምንትም የበሽተኛውን ቍጥር በየወሩ ያስመዝግቡ፤ የተለመደው ቍጥር ካልታወቀ ወረርሽኝ መነሣቱ በጊዜው አይታወቅምና። በምዕራብ ኬንያ ከ2019 ዓ.ም. ጀምሮ ለሕፃናት የወባ ክትባት መሰጠት ጀምሯል። እንግዲህ «ነባር» የሚለው ቃል በሽታው መኖሩን ያስታውቃል እንጂ፥ ይኑር ብሎ አይፈቅድለትም።