እንግሊዝኛን በእንቆቅልሽ
(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከዚህ አዳራሽ የሚወጣው ሳቅና ጫጫታ ምንድን ነው ብላችሁ ለጠየቃችሁን፣ እንግሊዝኛ እየተማርን ነው። አዎ፣ በጨዋታ።

አብዛኞቻችን እንግሊዝኛን በትምህርት ቤት ለዓመታት ተምረናል። ሰዋስዉን በደብተር ገልብጠናል፤ አፋችን ግን እንደተለጎመ ቀርቷል። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ የትምህርቱ ቋንቋ እንግሊዝኛ ነውና ልጆቻችን የቤት ሥራ ይዘው ሲመጡ «አባትህን ጠይቅ» እንላለን። ቃሉን ሳናውቀው ቀርተን ብቻ አይደለም፤ ብሳሳት ይስቁብኛል የሚለው ፍርሃት ይይዘናል። ጨዋታ ላይ ግን ሁሉም ይስቃል፣ ማንም አያፍርም።

የጀመርነው በምናውቀው በእንቆቅልሽ ነው። አንዷ የቤት ዕቃ በልቧ ትይዝና ስሙን ሳትጠራ በእንግሊዝኛ ትገልጸዋለች። ጀበና ከሆነ ጥቁር ነው፣ ከሸክላ የተሠራ ነው፣ አንገቱ ረጅም ነው እያለች። መመለስ ያቃታት አገር ትሰጣለች። ጎንደርን የተቀበለችው ደግሞ እንደ ልማዱ እዚያ ሄዳ ምን እንደበላች፣ ማን እንደተቀበላት በእንግሊዝኛ ታወራለች። ያለፈ ጊዜ ግስ በሰሌዳ ከተማርነው ይልቅ በዚህ ውሸት የተማርነው ይበልጣል።

እኛ የሒሳብ ሰዎች የምንወደው ግን የቁጥሩን ጨዋታ ነው። እያንዳንዷ ወረቀት ላይ ዘጠኝ ቤት ሠርታ ከ13 እስከ 19፣ ከዚያም 30፣ 40፣ 50 እያለች እስከ 90 ካሉት የወደደችውን ትሞላለች። አንዷ በእንግሊዝኛ ትጠራለች፤ የተጠራላት ባቄላ ታስቀምጣለች። «ሰርቲን» ሲባል መጨረሻው ይረዝማል፣ «ሰርቲ» ሲባል ያጥራል። በስልክ 15 ሺህ የተባለን ዋጋ 50 ሺህ ብሎ መስማት ቀልድ አይደለም። (ገንዘብ አናስይዝም፤ ቢንጎ ቤት አልከፈትንም!)

ሰዓትም የራሱ ጣጣ አለው፤ የእኛ ሦስት ሰዓት በእንግሊዝኛ ዘጠኝ ነው። አንዷ «ሁለት ሰዓት ተኩል» ብላ ኳስ ትወረውራለች፣ የቀለበችው ወዲያው «ኤይት ሰርቲ» ትላለች። ጣት መቁጠር ክልክል ነው።

ሁሉም ጨዋታ ግን አይጠቅመንም። ፊደል እየገመቱ ቃል ማሟላት አጻጻፍ ያስለምዳል እንጂ አፍ አያስከፍትም። ስለዚህ ሳይናገሩ የሚያሸንፉበትን ጨዋታ ትተነዋል። ስሕተትም በጨዋታው መሐል አይታረምም፤ ሲያበቃ ሦስቱ ብቻ ሰሌዳ ላይ ይጻፋሉ፣ የማን እንደሆኑ ሳይነገር።

የሚቀጥለው ቅዳሜ የገበያ ጨዋታ ነው። ሻጭና ገዢ ሆነን በእንግሊዝኛ ዋጋ እንከራከራለን። ዘንቢል ያላችሁ ይዛችሁ ኑ።