የማዘጋጃ ቤቱ ዕዳ

ያረጀ ማዘጋጃ ቤት በአዲስ ሲተካ ገንዘቡ ከየት ይመጣል? ለመልሱ ካሊፎርኒያ፣ ሎንግ ቢች ድረስ እንውሰዳችሁ።

ይህች ከተማ የመሬት መንቀጥቀጥን የምታውቀው በወሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1933 የደረሰባት ከመቶ በላይ ሰው ገድሏል። በ1970ዎቹ የተሠራው ባለ 14 ፎቅ ማዘጋጃ ቤቷ ታዲያ ከባድ መንቀጥቀጥ ቢመጣ እንደሚያሰጋ በጥናት ታወቀ።

የተለመደው መንገድ ቦንድ ሸጦ መበደር ነው። ሎንግ ቢች ግን በ2015 ሌላ መንገድ መረጠች። የግል ኩባንያዎች ጥምረት ገንዘቡን ያፈላልጋል፣ ይነድፋል፣ ይገነባል፣ ከዚያም ለ40 ዓመት ይጠግናል። ከተማዋ በየዓመቱ ትከፍላለች፤ ክፍያው የሚጀምረው ግን ሕንፃውን ተረክባ ስትገባበት ነው። በእንዲህ ያለ ውል ግንባታው ቢጓተት ጉዳቱ የገንቢው ነው። ሊፍቱ ተበላሽቶ ቢቆም፣ ማቀዝቀዣው ባይሠራ፣ ከክፍያው ላይ ይቀነሳል። ጥሩው ነገር ይሄ ነው፤ እኛ አገር ሕንፃ ተመርቆ በዓመቱ ቧንቧው ሲያፈስ ያየ ሰው ይገባዋል።

ነፃ ምሳ ግን የለም። የግል ኩባንያ ብድር አብዛኛውን ጊዜ ከከተማ ቦንድ ወለዱ ይበልጣል፤ ኩባንያውም ትርፍ ይፈልጋል። በዚያ ላይ ከከተማዋ መሬት የተወሰነው ለግል አልሚ ተላልፏል።

አዲሱ ማዘጋጃ ቤት፣ ከወደቡ ዋና መሥሪያ ቤትና ከቤተ መጻሕፍቱ ጋር፣ በ2019 ተከፈተ። ዛሬ የተወለደ የሎንግ ቢች ልጅ አድጎ ግብር ሲከፍል፣ የዚህ ሕንፃ ሒሳብ ገና አላለቀም።