የአባት ካራና ሰንጢ ይሠራበት ወይስ ይሰቀል?

(የመረዳጃ ማኅበራችን ጸሐፊ በወርኃዊው ስብሰባ ላይ ያደረገው ንግግር። ላልተገኙ አባላት እንዲደርስ ተለጠፈ።)



የመዋጮውንና የድንኳኑን ጉዳይ ከጨረስን ዘንድ አንድ ነገር እንድናገር ሊቀ መንበራችን ፈቅደውልኛል። ባለፈው ወር ሁለት ወንድማማቾች በአባታቸው ካራ ተጣልተው ሽማግሌ ፊት መቅረባቸውን ሁላችሁም ሰምታችኋል። ታላቅየው «ማሽላ ልቁረጥበት፣ በግ ልረድበት፣ አባቴም ይኸንኑ ሲያደርግበት ነበር» ይላል። ታናሽየው ደግሞ «ከነአፎቱ ግድግዳ ላይ ይሰቀል፣ ሌላ ምን ማስታወሻ አለን» ይላል። በዚህ መካከል አሮጌ ዕቃ የሚሰበስብ ነጋዴ መጥቶ ዋጋ ጠራላቸው፤ ነገሩም ባሰ። እኔ የሁለቱ ብቻ ጉዳይ መስሎኝ ነበር። ኋላ ሰው ሳነጋግር ጊዜ በየቤቱ ይኸው ጥያቄ አለ።

ስለት ሁሉ አንድ አይደለም። ኪስ የሚገባው ተጣጣፊው ሰንጢ አለ። በወገብ የሚታሰረው ካራ አለ። ከአፋር ወንድሞቻችን ጋር በገበያ ስለምንገናኝ ደግሞ ባለሁለት ስለቱ፣ ቆልመም ያለው ጊሌ ካንዳንዳችን ቤት አይጠፋም። የእኛ ቀጥቃጮች ብረቱን ከየት ያመጡታል ብትሉ አብዛኛው የመኪና ባሌስትራ ነው። ባሌስትራ ጥሩ ብረት ነው። በከሰልና በወናፍ አግለው ይቀጠቅጡታል፣ መልሰው አግለው ውሃ ያጠጡታል፣ ያን ጊዜ ይጠነክራል። እጀታው ቀንድ ወይም እንጨት፣ አፎቱ ቆዳ ነው። ይኸን ሁሉ የሚሠራውን ሰው ግን ጠይብ፣ ቡዳ እያልን ስናሸማቅቀው ኖረናል። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጅን መሳደብ በአዋጅ ከልክለው ነበር፤ ይኸው መቶ ዓመት አልፎም አፋችን አልታረመም። ካራውን ቅርስ፣ ሠሪውን ቡዳ ማለት እንዴት አብሮ ይሄዳል?

የእኔ አሳብ እንዲህ ነው። መሥራት የሚችል ስለት ይሠራበት። በየቀኑ በእጅ የሚያዝ፣ የሚጠረግ፣ በድንጋይ የሚሳል ካራን ዝገት አይደፍረውም። ዝገት የሚበላው ሣጥን ውስጥ ከነአፎቱ ተረስቶ የተኛውን ነው። ደግሞም ሁላችን የአባታችንን ሰቅለን የላስቲክ እጀታ ያለውን ቢላዋ ከሱቅ የምንገዛ ከሆነ ቀጥቃጩ ምን ይበላል? ልጁስ ወናፍ ሊነፋ ይቀመጣል?

መምህር የሆነ የሰፈራችን ልጅ ያጫወተኝን ልንገራችሁ። በጃፓን አገር ሂጎኖካሚ የሚባል ተጣጣፊ ሰንጢ አለ። ድሮ ተማሪው ሁሉ እርሳሱን የሚቀርጽበት ነበር አሉ። በ1953 ዓ.ም. አንድ የፓርቲ መሪ መድረክ ላይ ሲናገር የ17 ዓመት ልጅ በስለት ገደለው። ልጆች ስለት እንዳይዙ ዘመቻው በረታ፣ ሰንጢውም ከኪስ ወጣ። ሠሪዎቹ ብዙ ነበሩ፤ ዛሬ በዚያ ስም የሚሠራ አንድ ቤት ብቻ ቀርቷል። አሁን ሰብሳቢ ይፈልገዋል፤ የሚቀጠቅጠው እጅ ግን አለቀ። ልጆቻቸውን ከስለት መጠበቃቸውን አልነቅፍም፤ ወደዚያ እመለስበታለሁ።

ይሁን እንጂ ሁሉም ይሠራበት ማለቴ አይደለም። አፎቱ በብር ወይም በናስ ያጌጠ፣ ወይም ሠሪው ሞቶ እንደሱ የሚሠራ የጠፋ ካራ ይረፍ። ስለት በተሳለ ቁጥር ብረቱ ያልቃል፤ ቀጥኖ እንደ ማጭድ የሆነም ጡረታ ይውጣ። እባካችሁ የሽማግሌ ካራ ወስዳችሁ በኤሌክትሪክ መሳያ አታስነኩ። እሳቱ ሲረጭ ማየት ደስ ይላል። ነገር ግን ብረቱ ግሎ ወደ ሰማያዊ ከተለወጠ ቀጥቃጩ ያጠጣው ውሃ ወጣ ማለት ነው፤ ጥንካሬውን ያጣል፣ ከዚያ ወዲያ ቢስሉት ቢስሉት ይዶለዱማል። ድንጋይና ትንሽ ውሃ ይበቃል፤ ጊዜ ይወስዳል እንጂ።

የሚቀመጠውንም ማስቀመጥ ዕውቀት ይጠይቃል። ብዙዎቻችን ካራውን ከአፎቱ ጨምረን መስቀሉ ጥበቃ ይመስለናል። ቆዳ እርጥበት ይይዛል፤ ሲለፋ የገባበት ነገርም ብረትን ይበላል። ስለዚህ ለረጅም ጊዜ የሚቀመጥ ከሆነ ካራው ለብቻ፣ አፎቱ ለብቻ ይሁን፤ አጠገብ ላጠገብ ቢሰቀሉ ምን ገዷቸው። አባቶቻችን ቅቤ ይቀቡት ነበር፤ በየቀኑ ለሚሠራበትና ለሚጠረግ ደህና ነው። ለሚሰቀል ግን ቅቤ ይቆይና ይበላሻል፣ ይኮመጥጣል፣ መልሶ ብረቱን ይነካል። የስፌት መኪና ዘይት በጨርቅ ስስ አድርጎ መቀባት ይሻላል፤ ከክረምት በፊት አንዴ፣ ከክረምት በኋላ አንዴ። በሎሚና በአመድ ፈትጋችሁ አታብለጭልጩት። ያ ጠቆር ያለው መልኩ ዕድሜው ነው፤ ቀዩ ዝገት ብቻ ነው በዘይትና በጨርቅ ቀስ ተብሎ የሚነሣው። የቀንድ እጀታ ያለውን ፍል ውሃ ውስጥ አትክተቱ፤ ቀንድ በሙቀት ይለሰልሳል፣ ይጣመማል። ብልም ይበላዋልና በዓመት ውስጥ አውጥታችሁ እዩት።

እግረ መንገዴን ለእናቶች አንድ ነገር ልበል። የድሮ ሰንጢ ለዋግምትም ሆነ ለእትብት መቁረጫ አይሁን። የመንጋጋ ቆልፍ በሽታ ተዋህሲያን በአፈርና በእበት ውስጥ ይኖራሉ፤ ስለት ደግሞ የማይነካው ነገር የለም። ወሊድ ወደ ጤና ጣቢያ ነው።

አሁን ወደ ልጆቹ ልመለስ፤ ከሁሉ የሚያስጨንቀኝ ይኸ ነው። ካራ ይሠራበት ስል በማሳና በማዕድ ቤት ነው እንጂ በሠርግና በሶለል አይደለም። ነሐሴ አጋማሽ ላይ ልጃገረዶቹ ለሶለል ሲወጡ፣ ጎረምሳው የአባቱን ጊሌ ወገቡ ላይ ሽጦ ሲንጎራደድ አይተናል። «ጌጥ ነው» ይላሉ። ጌጥነቱ እስኪመዘዝ ነው። አንድ ቀን ከተመዘዘ ደም ነው፤ ከዚያ በኋላ ዘወልዶቹ ስንት ወር ይመላለሱ፣ ስንት ከብት ይውጣ፣ ስንት ቤተሰብ ከማሳው ይሽሽ? ደም ማድረቅ እንዴት እንደሚያደክም እዚህ የተቀመጣችሁ አባቶች ከእኔ ይልቅ ታውቁታላችሁ። እና የማኅበሩ ኮሚቴ ያቀረበው ይኸ ነው፦ የማኅበራችን ድንኳን በሚተከልበት ሠርግም ሆነ በዓል ላይ ስለት ይዞ የመጣ በር ላይ ለአስተናባሪ ያስረክብ፣ ሲወጣ ይውሰድ። እጃችሁን አውጥታችሁ ተቀብላችሁታል፤ በቃለ ጉባኤ ላይ ሰፍሯል።

የነጋዴው ጉዳይ ቀረ። በ1966ቱና በ1977ቱ ድርቅ ጌጡም ዕቃውም ለእህል ተሸጧል፤ ነፍስ ይበልጣልና ማንም ማንንም አይወቅስም። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ በላያችን ሲያልፍ ደግሞ ስንቱ ቤት ባዶ ቀረ። ሙዚየም ይግባ የምትሉ አላችሁ፤ በዚያው በ2014 ዓ.ም. የደሴው ሙዚየም ራሱ ተዘርፏል። ከዚህም በፊት እዚሁ ወሎ ውስጥ በ1860 ዓ.ም. እንግሊዞች ከመቅደላ የዘረፉትን ጎራዴ፣ መስቀልና መጽሐፍ በ15 ዝሆንና በ200 ያህል በቅሎ ጭነው ደላንታ ሜዳ ላይ በሐራጅ ሸጠውታል። ከዚያ ውስጥ ጥቂቱ በ2014 ዓ.ም. ተመለሰ፤ አብዛኛው ዛሬም በሰው አገር ነው። ያንን በጉልበት ወሰዱት፤ እኛ የቀረችውን በፈቃዳችን አስረክበን እንዴት ይሆናል? አትሽጡ ብዬ ላዛችሁ አልችልም፣ የራሳችሁ ነው። ሆኖም በ1992 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት መከልከሉን እወቁ። የቸገረው አባል ከመሸጡ በፊት ለማኅበሩ ይንገር፤ ከሰፈሩ ገዢ ቢገኝ ይሻላል። ማን ምን እንዳለው የምጽፍበት ደብተርም ከፍቻለሁ። የሠሪው ስም የሚታወቅ ከሆነ አብሮ ይጻፍ።

የሁለቱን ወንድማማቾች ነገር ሽማግሌዎቹ ትናንት ጨርሰውታል፤ እነሱም እንድናገር ፈቅደዋል። የአባትየው ካራ ስለቱ ቀጥኗል፣ አፎቱም የናስ ሥራ አለበት። ስለዚህ ታናሽየው ቤት ይሰቀላል። ልኩ ተወስዶ ለታላቅየው በባሌስትራ አዲስ ይቀጠቀጥለታል፤ ወጪው የሁለቱ ነው። ቀጥቃጩ ለአምሳያ እንዲሆነው አሮጌውን ለሁለት ቀን ጠይቋል፤ ነገ ጠዋት እኔው አደርስለታለሁ።