ካንዴላው ሲጠቁር

እሷ፦ ጣና ዳር ደልጊ ወደብ ላይ የጀልባ ሞተር አልነሳ ሲል ቀድሞ የሚፈታው ካንዴላው ነው፤ አይደል?

እሱ፦ ነው፤ ግን ጠርጎ ከመመለስ በፊት ጫፉን ማየት ነው። ፈዘዝ ያለ ቡናማ ከሆነ ሞተሩ ጤነኛ ነው። ጥቁርና እርጥብ ከሆነ ወይ ቤንዚኑ ወይ ዘይቱ በዝቷል። ነጭ ከሆነ ሞተሩ ከልክ በላይ እየጋለ ነው።

እሷ፦ የቦታው ከፍታስ ለውጥ ያመጣል?

እሱ፦ ጥሩ አነሳሽው! ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ነው፤ አየሩ ሳሳ ይላል። ለባሕር ጠረፍ የተስተካከለ ካርቡሬተር እዚህ ሲመጣ ቤንዚን ያበዛል፣ ካንዴላውም ይጠቁራል።

እሷ፦ ታዲያ ሞቃቱን ካንዴላ እንግዛ?

እሱ፦ አይ እቴ፣ መጀመሪያ ካርቡሬተሩ ይስተካከል! የካንዴላው የሙቀት ደረጃ ቁጥርም ያሳስታል። ኤንጂኬ የተባለው ስሪት ላይ ቁጥሩ ከፍ ሲል ካንዴላው ቀዝቃዛ ነው፤ ቦሽ ላይ ግልባጩ። የሞተሩ መመሪያ ያዘዘውን ይዞ ሱቅ መሄድ ነው።

እሷ፦ በብረት ብሩሽ የሚፈትጉትስ?

እሱ፦ እኔ አልወደውም። የብረቱ ብናኝ ነጩ ሸክላ ላይ ይቀርና እሳቱ በዚያ ያመልጣል። ሲታሰርም መጀመሪያ በእጅ ነው፤ ከመነሻው በመፍቻ የታገለ የአሉሚኒየሙን ጥርስ ይበላዋል።

እሷ፦ የደንገል ታንኳ ቀዛፊው ይህን ሲሰማ ይስቅብናል።

እሱ፦ ይሳቅ! ተሳፋሪ ጭኖ ወደ ደቅ ደሴት የሚሻገር ግን መለዋወጫ ካንዴላና መፍቻ፣ ውሃ በማያስገባ ዕቃ አድርጎ፣ ይያዝ።