ስለ እንቅልፍ፤ ስለ ማስታወስና ስለ ስሜት
(በክረምት ዕረፍት ቡልቡላ ለተሰበሰቡ ተማሪዎችና ወላጆች የተደረገ ንግግር)



በአገራችን «እንቅልፋም» ማለት ስድብ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ዐይኑን ሳይከድን ያደረ ተማሪ ግን «ጎበዝ» ተብሎ ይመሰገናል። ዛሬ ልናገር የተነሣሁት ይህ ምስጋና ያለ ቦታው የሚሰጥ መሆኑን ለማስረዳት ነው።

የቡልቡላ ሰው እንቅልፍ ማጣትን ያውቃል። ከሞጆ ወደ ሐዋሳ የሚያልፈው የመኪና ድምፅ አለ፤ ከዝዋይ ወደ አብያታ በሚወርደው ወንዛችን አጠገብም ትንኝ አለ። አጎበር ሲባል ወባን ብቻ እናስባለን እንጂ እንቅልፍንም የሚጠብቅ መሆኑን ማንም አያነሣም። ነገር ግን ከመኪናውና ከትንኙ ይልቅ የሚያሳዝነኝ ሰው በገዛ ፈቃዱ የሚጥለው እንቅልፍ ነው።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1924 ጄንኪንስና ዳለንባክ የተባሉ ሁለት የአሜሪካ ተመራማሪዎች ለሁለት ተማሪዎች ትርጉም የሌላቸውን ቃላት በቃል አስጠኑ። ተማሪዎቹ አጥንተው ሲተኙ፤ ያንኑ ያህል ሰዓት ነቅተው ከቆዩበት ጊዜ ይልቅ ብዙ አስታወሱ። ከዚያ ወዲህ የተደረገው ምርምር ምክንያቱን ገልጦታል። ቀን የተማርነውን ሂፖካምፐስ የሚባለው የአንጎል ክፍል ይቀበለዋል፤ በጥልቅ እንቅልፍ ጊዜ ያው ትምህርት እየተደጋገመ ወደ አንጎል ቅርፊት ይተላለፋል። ቀን የታጨደው ሌሊት ጎተራ ይገባል ማለት ነው። የአብነት ተማሪ የቃል ትምህርቱን ማታ ተቀብሎ፤ አድሮ ለየኔታ ማሰማቱ እንግዲህ ከሳይንሱ ጋር የሚስማማ ልማድ ነው።

ስለ ስሜትም እንዲሁ ነው። በ2007 (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ ውስጥ ወጣቶችን 35 ሰዓት ያህል ሳያስተኙ የሚያስከፉ ሥዕሎችን አሳዩአቸው። ቍጣንና ፍርሃትን የሚያነሣሣው አሚግዳላ የተባለው የአንጎል ክፍል ከተኙት ሰዎች በ60 ከመቶ የበለጠ ተቀሰቀሰ፤ እርሱን ከሚገታው ከግንባር በኩል ካለው ክፍል ጋር ያለው ግንኙነትም ላላ። በፈተና ሰሞን ጓደኛሞች በአንድ እስክሪብቶ የሚጣሉት ለምን እንደ ሆነ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ጫቱንስ ምን እንበለው? ምርቃናው እስኪያልፍ ተማሪው ሁሉ የገባው ይመስለዋል፤ እንቅልፍ ግን እምቢ ይላል። ከዚያ ጨብሲ ይከተላል። መጠጥ ቶሎ ያስተኛል እንጂ የሌሊቱን ሁለተኛ አጋማሽ ይቆራርጠዋል፤ የሕልሙንም እንቅልፍ ይቀንሳል። ጫቱን የተወ ቀን ደግሞ ዱካክ ይመጣበታል። ሌሊቱን ሙሉ መሪ የሚይዙ ሾፌሮቻችን ይህን ከእኔ የበለጠ ሊያስረዱ ይችላሉ።

አሁን ወደ ዕድሜ ልለፍ። ጥልቅ እንቅልፍ በወጣትነት ብዙ ነው፤ ጎልማሳነት ሲመጣ መቀነስ ይጀምራል። ከዚህ የተነሣ አንድ ወጣት የሚጥለው፤ አባቱ ቢፈልግም እንደ ልብ የማያገኘውን ነው። በእንግሊዝ አገር ወደ 8,000 የሚጠጉ ሰዎች ለ25 ዓመት ያህል ተከታትለው በ2021 (እ.ኤ.አ.) የወጣው ጥናት፤ ከ50 እስከ 70 ዓመታቸው በሌሊት 6 ሰዓት ወይም ከዚያ በታች ሲተኙ የኖሩት፤ 7 ሰዓት ከሚተኙት ይልቅ የመርሳት በሽታ ያገኛቸው ዘንድ ያለው ዕድል በ30 ከመቶ ከፍ ያለ መሆኑን ያሳያል። በሽታው ራሱ አስቀድሞ እንቅልፍን ሊያውክ ስለሚችል፤ ምክንያቱ ይህ ብቻ ነው ብሎ መቍረጥ አይገባም። ቢሆንም እስከ እኩለ ሌሊት ሒሳብ ሲሠራ አምሽቶ በ11 ሰዓት ሱቁን የሚከፍት ነጋዴ ቢያስብበት መልካም ነው።

ሽማግሌዎቻችን ከሌሊቱ 10 ሰዓት ነቅተው እኩለ ቀን ላይ ያንጎላጃሉ። የሰውነታቸው ሰዓት ወደ ፊት ስለ ቀደመ እንጂ ስንፍና አይደለም። ጥልቁ እንቅልፍ ስለ ሳሳም ትናንት የሰሙት አዲስ ነገር ቶሎ ያመልጣቸዋል። አያታችን አንዱን ነገር ሦስት ጊዜ ሲጠይቁን «ነገርኩዎ እኮ!» ብለን የምንጮኽ ልጆች ይህን ብናውቅ ኖሮ ድምፃችንን ዝቅ እናደርግ ነበር። ደግሞ የሚያስደንቀው፤ አንድ ሌሊት እንቅልፍ ቢያጡ የእነርሱ ስሜት እንደ እኛ እንደ ወጣቶቹ አይናወጥም።

በመጪው ዓመት ለፈተና የምትቀመጡ ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ ከምሽቱ 4 ሰዓት መጽሐፉን ዘግታችሁ ተኙ። 11 ሰዓት ላይ ተነሥታችሁ አንዱ ለሌላው ያጠናውን በቃሉ ይንገረው፤ የጠፋባችሁን ብቻ እንደ ገና ክፈቱ። ወላጆችም ብትችሉ በመንገዱ በኩል ያለውን ክፍል ለእንግዳ አድርጉና በጓሮ በኩል ያለውን ለተማሪው ልቀቁለት። አጎበርም ካለ በእርሱ መኝታ ላይ ይሰቀል።

ጥያቄ ያለው ካለ ለመስማት ዝግጁ ነኝ፤ አስቀድመው ግን ታላላቆቻችን ይናገሩ።