መብራቱ «ዝግ ነው» ሲል
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



ለዛሬው በዓል ስለ ሳይንስ እንድናገር በታዘዝኩ ጊዜ ጓደኞቼ ስለ ጨረቃ ጉዞ ብትናገር ይሻላል ብለው መክረውኝ ነበር። እኔ ግን ከጫማ ሣጥን ስለማትበልጥ አንዲት የብረት ሣጥን ልነግራችሁ መረጥኩ። ምክንያቱም የእርስዋን ጠባይ ባለማወቄ ሰው በፈላ ውሃ ላስቃጥል ጥቂት ቀርቶኝ ስለ ነበረ ነው።

ባለፈው ክረምት አጎቴን በሚሠራበት ፋብሪካ እረዳው ነበር። በዚያ የፈላ ውሃ የሚሄድበት ወፍራም ቧንቧ አለ፤ በቧንቧውም ላይ ቫልቭ ተገጥሟል። ቫልቩ በውስጡ የያዘው መካከሉ የተበሳ የብረት ኳስ ሲሆን፣ ኳሱ ሩብ ዙር ማለት 90 ዲግሪ ሲዞር ቀዳዳው ከቧንቧው ጋር ይገጥማል፤ ሲመለስ ደግሞ ይዘጋል። የሚያዞረው ሞተር ነው። ቫልቩ ከጣራው ሥር ስለ ሆነ ከታች ላለው ሠራተኛ ሁኔታውን የምትነግረው ከላዩ የተቀመጠችው ሣጥን ናት። ይህች ሣጥን ሁለት ዓይነት ወሬ ትልካለች። አንደኛው የኤሌክትሪክ መጠን ነው፤ ቫልቩ ሲዘጋ 4 ሚሊአምፔር፣ ሲከፈት 20፣ እኩሌታ ሲሆን 12። ሁለተኛው ከዘንጉ ጋር የሚዞር ጎበጥ ያለ ብረት ትንንሽ ስዊቾችን እየተጫነ የሚያበራው «ክፍት» ወይም «ዝግ» የሚል መብራት ነው። የ«ዝግ» ስዊች ሲጫን ሞተሩንም ያቆመዋል።

አንድ ቀን ጧት ሠራተኞች ቧንቧውን ፈተው ማሸጊያውን ሊለውጡ ተዘጋጁ። አጎቴም «ውጣና ቫልቩን አይተህ ጻፍ» አለኝ። እኔ ግን «ዝግ» የሚለው መብራት መብራቱን አየሁና መሰላል መውጣት ከንቱ ድካም መስሎኝ በመዝገቡ ላይ «ተዘግቷል» ብዬ ጻፍኩ። አጎቴ መጥቶ የእጁን ጀርባ ወደ ቧንቧው አስጠጋ።

«ወጥተህ አይተኸዋል?»

«መብራቱ በርቷል እኮ፣ ጋሼ።»

አልተቆጣኝም፤ ሠራተኞቹን አስቆመና የኤሌክትሪኩን መለኪያ አሳየኝ። 7.5 ይላል። «ዝግ ቢሆን 4 ነበር። ሁለት ምስክሮች ሲጣሉ ቦታው ድረስ መሄድ ነው» አለኝ። ስሌቱን ወዲያው ሠራሁት (የሒሳብ መምህራችን ይደሰቱ)፤ ቫልቩ 20 ዲግሪ ያህል ክፍት ነበር። የጎባጣውን ብረት የያዘው ብሎን ላልቶ ብረቱ ከቦታው ስለ ተንሸራተተ፣ ስዊቹን ያለ ጊዜው ተጭኖ መብራቱን አብርቶ ሞተሩንም አቁሞታል።

ከዚያ በኋላ ሲያስተካክል ሙሉ ሰዓት አጠገቡ ቆምኩ። በመጀመሪያ የሞተሩን ኤሌክትሪክ አጥፍቶ ቆለፈና ቁልፉን በኪሱ ከተተ። በእጅ መዘውሩ ቫልቩን ጥርቅም አድርጎ ዘጋ፤ መዘጋቱንም ያረጋገጠው በመብራቱ ሳይሆን በዘንጉ ራስ ላይ ባለው ጭረት ነው፤ ጭረቱ ቧንቧውን ሲያቋርጥ ዝግ ነው። መለኪያውን በዚያ ላይ 4 አደረገው፤ ከፍቶ 20 አደረገው፤ አንዱ ሲስተካከል ሌላው ጥቂት ስለሚዛባ ደጋግሞ ተመላለሰ። ስዊቹን ግን ከመጨረሻው ጫፍ 2 ዲግሪ ያህል ሲቀረው እንዲጫን አደረገ። ለምን ጫፉ ላይ እንዳላደረገው ጠየቅሁት። ሞተሩ ኤሌክትሪክ ሲቋረጥበት ወዲያው ቀጥ ስለማይል ቀሪዋን በራሱ ፍጥነት ይጨርሳታል፤ ስዊቹ ጫፉ ላይ ቢሆን ግን ዕቃው ትንሽ ሲያልቅ ከቶ ላይጫንና ሞተሩ ሲገፋ ሊቃጠል ይችላል። በመጨረሻም በሞተር አምስት ጊዜ ከፍቶ ዘጋው፤ ሲከፈት መብራቱ የሚጠፋበት ነጥብ ሲዘጋ ከሚበራበት ጥቂት ስለሚለይ በሁለቱም አቅጣጫ መመልከት ያስፈልጋል።

ይህ የአንድ ሰነፍ ልጅ ስሕተት ብቻ እንዳይመስላችሁ። በአሜሪካ አገር በፔንሲልቫኒያ፣ ስሪ ማይል አይላንድ በተባለው የአቶም ኃይል ማመንጫ፣ መጋቢት 19 ቀን 1971 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን 1979) ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ አንድ የግፊት ማስተንፈሻ ቫልቭ ተከፍቶ ሳይዘጋ ቀረ። በመቆጣጠሪያው ክፍል የነበረው መብራት ግን የተሠራው የቫልቩን መዘጋት ሳይሆን «ተዘጋ» የሚለውን የኤሌክትሪክ ትእዛዝ እንዲያሳይ ነበር። ትእዛዙ ስለ ተላለፈ መብራቱ ጠፋ፤ ሠራተኞቹም ተዘጋ አሉ። የመውጫው ቧንቧ መጋሉ ቢታይም ቫልቩ ቀድሞም ያፈስ ስለ ነበር አላስደነገጣቸውም። ከሁለት ሰዓት በላይ ውሃው ሲወጣ ቆይቶ የማመንጫው እምብርት እኩሌታ ያህል ቀለጠ። ከዚያ ወዲህ የአሜሪካ የአቶም ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት የእንዲህ ያሉ ቫልቮች ሁኔታ በቀጥታ እንዲታይ አዘዘ። እነዚያ ሠራተኞች በሙያቸው የሠለጠኑ ነበሩ፤ መሰላሉን ያልወጣሁት እኔ ግን ምን ምክንያት እንዳለኝ አላውቅም።

በሳይንስ ክፍላችን መስኮት አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ከቆርቆሮና ከአሮጌ የሬዲዮ ዕቃ የሠራሁት ትንሽ ናሙና ይገኛል። ብሎኑን ሆን ብዬ አላልቼዋለሁ። ከሻይ በኋላ ወላጆቻችን መጥታችሁ መዘውሩን አዙሩና መብራቱ መቼ እንደሚዋሽ ፈልጉ፤ መፍቻው ከአጠገቡ አለ።