የጨጓራ ሕመምና በርበሬ



አብሮን የሚያድር አንድ ባልደረባችን ጨጓራውን ባመመው ጊዜ የወቀስነው በርበሬውን ነበር። አልጫ ብላ፥ ተልባ ጠጣ፥ ወተት አዘውትር አልነው። ዓመት ሙሉ ምክራችንን ቢፈጽምም ሕመሙ አልለቀቀውም። ኋላ ሰገራው ሲመረመር ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የተባለው ባክቴሪያ ተገኘበት።

ይህ ተሕዋስ ዩሪያን ወደ አሞኒያ እየለወጠ በዙሪያው ያለውን አሲድ ስለሚያበርድ በጨጓራ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ይኖራል። የአውስትራልያው ሐኪም ባሪ ማርሻል እ.ኤ.አ. በ1984 ተሕዋሱን ራሳቸው ጠጥተው ጨጓራቸው መቈጣቱን አሳዩ፤ (ማናችንም እንዳንከተላቸው!) በ2005ም ከሮቢን ዋረን ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

ምግብ ከነገሩ የለበትም ማለታችን ግን አይደለም። በርበሬና ቡና የተቈጣውን ጨጓራ ሊያቃጥሉት ይችላሉ። ጨው የበዛበት ምግብም ተሕዋሱ ባለበት ሰው ላይ የጨጓራ ነቀርሳን ሥጋት ይጨምራል። ወተት ለጥቂት ጊዜ አብርዶ መልሶ አሲድ ያስመነጫል፤ ተልባውም ቢያለዝብ ተሕዋሱን አያጠፋም። የሚያጠፋው ሐኪም የሚያዝዘው፥ አብዛኛውን ጊዜ ለ14 ቀን የሚወሰደው ፀረ ባክቴሪያና አሲድ ቀናሽ መድኃኒት ነው። በአምስተኛው ቀን ቀለል ሲለን ክኒኑን መሳቢያ ውስጥ የምንረሳ ብዙዎች ነን፤ የተረፈው ተሕዋስ መድኃኒቱን የሚለማመደውም በዚሁ ጊዜ ነው።

እንግዲህ ዓመት ሙሉ ተልባ የጠጣችሁ ካላችሁ በዚህ ሳምንት ተመርመሩ። ሰገራው እንደ ሬንጅ የጠቈረ ወይም ደም ያስታወከው ግን ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ይሂድ።